የታናሽ ወንድም ሰዓት

ዓርብ ጠዋት ነው፤ ሐምሌ አጋማሽ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር አንዲት ሰማያዊ ኮንቴይነር ከበው የቆሙት ሰዎች ዝናቡ ሲያበሰብሳቸው ልብ ያሉት አይመስሉም። ኢንስፔክተር ለሊሴ ገመዳ ከመኪናዋ ወርዳ ስትመጣ መንገድ ለቀቁላት። የኮንቴይነሯ በር ተከፍቷል። የበሩ ጓጉንቸር ተቆርጦ ጭቃ ላይ ወድቋል።

አቶ ወልደ ኢየሱስ ከበሩ አንድ እርምጃ እንኳ ሳይርቁ በጎናቸው ተጋድመዋል። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፤ አርባውን ዓመት በዚህ ሰፈር ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ። ደም የለም፤ ቁስልም የለም። ከጠረጴዛቸው ሥር የከሰል ማንደጃ አለ። ግማሹ ከሰል ነዶ አመድ ሆኗል፤ ግማሹ ሻይ ተደፍቶበት እንደጠቆረ ቀርቷል። ቀኝ እጃቸው የሰዓት ሠሪ መዶሻ ጨብጣለች፤ ከአመልካች ጣት የማትበልጥ መዶሻ።

«የከሰል ጭስ ነው የገደላቸው» አለ ረዳቷ ሳጅን ኤቢሳ። «ብርዱ ሲበረታ ከሰል ያቀጣጥላሉ፤ ግን በሩን ገርበብ ያደርጉታል ይላሉ ጎረቤቶቹ። ትናንት በሩ በውጭ ተቆልፎ ነበር። ባለቤታቸው ሲጠብቋቸው አድረው ጠዋት መጥተው ነው ያስቆረጡት።»

«ቁልፉስ?»

«ኪሳቸው ውስጥ።»

ለሊሴ ጎንበስ ብላ ጓጉንቸሩን አነሳችው። እንዲህ ያለው ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ ቁልፍ አይፈልግም፤ ጫን ማለት ይበቃዋል። አቶ ወልደ ኢየሱስ ጠዋት በሩን ከፍተው ጓጉንቸሩን እዚያው በር ላይ አንጠልጥለውት ይውላሉ። ትናንት አንድ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ያችን ብረት ተጫናት። በቃ። መቆለፊያው በውጭ፣ ቁልፉ በውስጥ።

በሩን ከውስጥ በኩል በባትሪ አየችው። ቀለሙ ተልጦ ትናንሽ ስርጉድ ምልክቶች ሞልተውበታል። መቁጠር ጀምራ ስልሳ ላይ ስትደርስ ተወችው።

ጠረጴዛው ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት፣ ጀርባው የተከፈተ የእጅ ሰዓት ተቀምጧል። ፊቱ ላይ በላቲን ፊደል «ቱዶር» ይላል፤ ከስሙ በላይ አንዲት ትንሽ ጽጌረዳ አለች።

ከኮንቴይነሯ ጎን ያለው ሱቅ የወይዘሮ ሳሊሀ ነው። ሳሊሀ ስታለቅስ ቆይታ ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?» አለቻት ለሊሴ።

«ስምንት ሰዓት ላይ ስልካቸውን ቻርጅ አድርጊልኝ ብለው ሰጡኝ። እሳቸው ጋ ያለው መብራት ለአንዲት አምፖል እንጂ ለሌላ አይሆንም።» ከባንኮኒው ሥር አንዲት ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ አወጣች። «ይኸው። መጥተው ይወስዱታል ስል አደረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ኢማድ መጣ፤ የዘሙሩድ ልጅ። ቤታቸው እዚሁ ላይ ነው። ከዱባይ ያገለገለ ሰዓት እያስመጣ ይሸጣል። ተጯጯሁ። አባባ ወልዴ ‹ይሄ ሰዓት ያንተ አይደለም!› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሃያ ዓመት ስንጎራበት ሲጮሁ የሰማኋቸው ትናንት ብቻ ነው።»

«ሲወጣስ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ፤ ስምንት ተኩል ገደማ ነው፤ ተቆጥቶ ነበር። ያኔ እሳቸው ደህና ነበሩ፤ በር ላይ ቆመው በዓይናቸው ሸኙት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሱቄን ዘግቼ ለአሱር ሶላት ሄድኩ። ስመለስ የሳቸው በር ተቆልፏል። ብርዱ በርትቶባቸው ቤታቸው ገቡ አልኩ።»

«ምንም ድምፅ አልሰሙም?»

ሳሊሀ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው በር የሚሠራ ብረት ቤት አየች። «ቅጥቀጣ ሰምቻለሁ። እዚህ ቀኑን ሙሉ ቅጥቀጣ ነው እኮ። የነሱ ነው ብዬ...» ሻርፓዋን አፏ ላይ ያዘች።

ኤቢሳ የሟቹን ስልክ ከፍቶ ተመለከተ። «ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደውለዋል፤ ‹ልጄ› ይላል። ሌላ የለም።»

«ልጃቸው ሐዘን ላይ ነው፤ ተወው» አለች ለሊሴ።

ኢማድን በዚያው ቀን ከሰዓት ከእናቱ ቤት አወጡት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ ወይዘሮ ዘሙሩድ በቤት ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው «ምን አደረገ? ምነው ብትነግሩኝ!» እያሉ ተከተሉ። መኪናዋ ያን ዳገት ፈርታ ታች ቆማ ስለነበር ለሊሴ ልጁን በካቴና ይዛ ቁልቁለቱን በእግሯ ወረደች። ሱቅ ያለው ሁሉ ደጁ ላይ ወጥቶ ተመለከተ።

ጣቢያ ሲደርሱ ጥያቄዋ አጭር ነበር።

«ሰዓቱ የማን ነው?»

«የኔ ነው። ገዢው ጋሽ ዲንሳ ናቸው፤ ወሰን ሰፈር የሚኖሩ። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ለአማቻቸው ስጦታ ፈልገው። መጀመሪያ ሮሌክስ ነበር ያሉት። እኔ ነኝ ‹ይቅርብዎ› ያልኳቸው።»

«ለምን?»

«እውነተኛው አይቀመስም፤ በርካሽ የተገኘው ቅጂ ነው። ቱዶር ግን ታናሽ ወንድሙ ነው። ሁለቱንም ያቋቋማቸው አንድ ሰው ነው፤ ታናሹን ያመጣው ታላቁን መግዛት ለማይችል ሰው ብሎ ነው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ሰው ሰው ይሸታል። ስድሳ ዓመት ሆኖት ዛሬም ይሄዳል እኮ!» ስለ ሰዓት ሲያወራ እጁ ላይ ያለውን ካቴና የረሳ ይመስል ነበር።

«ከአቶ ወልደ ኢየሱስ ጋር ለምን ተጣላህ?»

«ጋሽ ዲንሳ ‹ጀርባው ተከፍቶ ሳይታይ አልገዛም› ስላሉ ማክሰኞ እሳቸው ጋ አስቀመጥኩት። ሐሙስ ስመጣ ‹ይሄ ሰዓት ያንተ አይደለም፤ ተለውጦብኛል› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የኔ ሰዓት መሙያው ላይ የዘውድ ምልክት ነበረው። ማን ለወጠው ስላቸው ‹እስከ ማታ ታገሠኝ፤ እመልስልሃለሁ፤ ለማንም አትናገር› አሉኝ። ጮህኩባቸው። አልክድም።»

«ማን እንደሆነ አልነገሩህም?»

«አልነገሩኝም። አፍረው ነበር። ከተቆጡት ያፈሩት ይበልጥ ነበር።»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ የት ነበርክ?»

«መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ።»

«ማን አየህ?»

«ሰልፍ ላይ ማን ማንን ያያል፣ ኢንስፔክተር?»

በስልኩ ቴሌግራም ላይ የለጠፈውን የሰዓቱን ፎቶ አሳያት። ፊቱ ላይ ጽጌረዳዋ አለች፤ በጎኑ ካለችው ትንሽ መሙያ ላይ ደግሞ ባለ አምስት ጫፍ ዘውድ። ለሊሴ ከጠረጴዛው ላይ የተገኘውን ሰዓት ከፎቶው ጎን አስቀመጠችው። የዚህኛው መሙያ ላይ ያለው ጋሻ ነው።

«ፎቶውን ከኢንተርኔት አውርዶት ቢሆንስ?» አለ ኤቢሳ፣ ልጁን ወደ ማረፊያ ክፍል ካስገቡት በኋላ።

ለሊሴ ፎቶውን ወደ ራሷ ስልክ ላከችው።

ቅዳሜ ወሰን ሄደች። አቶ ዲንሳ ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን ከጋራዦቹ መሀል የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ?» ስትላቸው ፊታቸው በራ፤ «ነጋ፣ ኢንታላ ኮ» ብለው እንደ ልጃቸው እጇን ይዘው አስቀመጧት። ከዚያ ወደ አማርኛው ተመለሱ።

«አስር ሰዓት ቀጠሯችን ነበር። ሄድኩ፤ ተዘግቷል። በሩን ሁለቴ በመዳፌ መታሁት። እነዚያ ብረት ቀጥቃጮች ጆሮዬን ይዘውታል፤ ምን ይሰማል? ሰውዬው ቀጠሮ አያከብርም ብዬ ተናድጄ ተመለስኩ።» ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ። «ያኔ ውስጥ ነበሩ አይደል?»

«አዎ፣ አባ።»

«በሕይወት?»

«አናውቅም።»

አቶ ዲንሳ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ከዚያ በኋላ ለጠየቀቻቸው ሁሉ የሰጡት መልስ «እንጃ» ብቻ ሆነ።

ሰዓቱን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። ኤቢሳ አፈላልጎ ያገኘው ሲ.ኤም.ሲ ያለውን ቀነኒሳን ነው፤ በመስታወት ያማረ ሱቅ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ቁጥብ ሰው። ቀነኒሳ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከጠረጴዛው የተገኘውን ሰዓት አገላበጠ።

«ቅጂ ነው። ውስጡ የቻይና ነው፤ ፊቱን በደንብ ሠርተውታል።»

«ይሄስ?» ፎቶውን አሳየችው።

ቀነኒሳ ስልኩን ለአፍታ ያህል አይቶ መለሰላት። «ይሄማ የባሰ ነው። መሙያውን ይዩታ! በቱዶር ላይ የሮሌክስ ዘውድ ምን ይሠራል? ላዳ ላይ የመርሴዲስ ኮከብ እንደመለጠፍ ነው። ልጁ ሁለት ሐሰተኛ ሰዓት ነበረው ማለት ነው።»

«በጽሑፍ ይሰጡኛል?»

«ምን ችግር አለው።»

«አቶ ወልደ ኢየሱስን ያውቋቸው ነበር?»

«በሙያው የማያውቃቸው አለ? ነፍስ ይማር። ከተያየን ግን ዓመት ሳይሆነን አይቀርም።»

«ሁሉንም የምጠይቀው ነው፤ አይቀየሙኝ። ሐሙስ ዘጠኝ ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

አልተቀየመም። ከቦርሳው አንዲት ብጣሽ ወረቀት አወጣ፤ የእንጦጦ ፓርክ መግቢያ ትኬት ነበረች። «ደንበኛ እዚያ ቀጥሮኝ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ፤ ዝናብ ሲጥል መንገዱን ያውቁታል።» ትኬቷ ላይ የታተመው ሰዓት አስር ከሃያ ነው። የሱቁን ስልክ ቁጥር የያዘ ካርድ ሰጥቶ እስከ በር ሸኛት።

የቀነኒሳ ደብዳቤ መዝገቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ነገሩ ሁሉ ኢማድ ላይ ተዘጋ። ኮማንደሩ ረቡዕ ዕለት ለሊሴን ቢሯቸው አስጠሯት።

«ልጁ ቅጂ ይሸጣል፤ ሽማግሌው ደረሱበት፤ ቆለፈባቸው። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ስምንት ተኩል ላይ ሲሄድ ታይቷል፣ ጌታዬ።»

«ተመልሷል ማለት ነዋ።»

«ቅጂው ቢያጋልጠው ኖሮ ይዞት ይሄድ ነበር። ለምን ጠረጴዛው ላይ ይተወዋል?»

«ደንግጦ። የጊዜ ቀጠሮው ዓርብ ያበቃል፤ እስከዚያ መዝገቡን አጠናቅቂና አስረክቢ።» ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። እሷን ማሰናበታቸው ነው።

በየቀኑ በጣቢያው በር ስታልፍ ወይዘሮ ዘሙሩድ የምሳ ዕቃ ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አያናግሯትም፤ ያዩዋታል እንጂ። ኢማድም ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ከአሥራ አንድ ሰው ጋር ታጭቆ መናገር እያቆመ ሄዷል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት «ሰዓቱ እውነተኛ ነው» እያለ ይምል ነበር። ረቡዕ ስታየው ግድግዳውን እያየ «እሺ» ብቻ አላት። ምንም ሳትጠይቀው። ያቺ «እሺ» ከመሐላው ሁሉ የበለጠ አስጨነቀቻት። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ እንዲህ ነው፤ ያላደረገውንም ይፈርማል።

ያን ቀን ከሰዓት ወደ ኮንቴይነሯ ተመለሰች።

«ዝጋብኝ» አለችው ኤቢሳን። «ስመታ ክፈት።»

«እዚህ ውስጥ?»

«ዝጋ አልኩህ።»

በሩ ተዘጋ። ጨለማው ወዲያው አፍንጫና አፍ ላይ የሚለጠፍ ዓይነት ነበር። አሮጌው የከሰል ሽታ ገና አልወጣም። ለሊሴ መሬት ላይ ተቀምጣ አዳመጠች። ከማዶ የብረት ቤቱ ሥራውን ጀመረ፤ መጀመሪያ መቁረጫው ጮኸ፣ ቀጥሎ መዶሻዎቹ ተቀበሉት፤ ግድግዳው ሁሉ ይነዝር ጀመር። ተነስታ በሩን በቡጢ መታች። አልተከፈተም። ደግማ መታች። «ኤቢሳ!» አለች። የራሷ ድምፅ ወደ ራሷ ተመለሰ። በር እንደሚከፈትላት ታውቃለች፤ ከበሩ ባሻገር ያለውም የራሷ ሰው ነው። ሆኖም ሦስተኛውን ስትመታ በሁለት እጇ ነበር።

ብረት ቤቱ ለአፍታ ሲያርፍ ነው ኤቢሳ የሰማት።

«ቆየሁ እንዴ?» አለ ደንግጦ ፊቷን ሲያይ።

«ሳሊሀ ብትሰማም ልትለየው አትችልም ነበር» አለች። ቀጥላ፣ ለራሷ ይሁን ለሱ ባልታወቀ ድምፅ፣ «አንድ ሰው ይሄን በሩ ላይ ቆሞ አድርጓል። ጫን አድርጎ ሄዷል» አለች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐዘንተኛዋ ሄደች። የአቶ ወልደ ኢየሱስ ባለቤት ወይዘሮ አሳየች ድንኳኑ ፈርሶ ፍራሹ ገና ያልተነሳበት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ። ብርድ መትቶሻል» አሉና ጋቢያቸውን ዘርግተው ከጎናቸው አስቀመጧት።

ለሊሴ የተዘጋጀችበትን ጥያቄ ረሳችው። ልጄ። እኚህ ሴት ይህን ስም የሰጧት ስድስት ቀን ሙሉ የአንድ ገዳይ መዝገብ ይዛ ለምትዞር ባዳ ፖሊስ ነው።

«እማማ አሳየች፣ ልጆች ስንት አሉዎት?»

«እግዚአብሔር አልሰጠንም» አሉ፤ የለመዱት ጥያቄ ነው።

«የጋሽ ወልደ ኢየሱስ ስልክ ላይ ‹ልጄ› የሚል አለ። ሐሙስ ጠዋት ደውለውለታል።»

የአሳየች ፊት ለስለስ አለ። «ቀነኒሳ ነዋ! አሥራ ስምንት ዓመቱ ሲሆን መጥቶ ሰባት ዓመት ከጎኑ ተቀምጦ ነው ሙያ የተማረው። ሲ.ኤም.ሲ ትልቅ ሱቅ አለው አሁን። ለቅሶ ላይ አልመጣም፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ረቡዕ እንኳ ወልዴ እሱ ጋ ሄዶ ነበር።»

«ባለፈው ረቡዕ? ከመሞታቸው በፊት ባለው ቀን?»

«አዎ። የዚያን ልጅ ሰዓት ይዞ። የሰዓት ምት የሚለካ መሣሪያ ቀነኒሳ ጋ አለ። ዓይኑም ደክሞ ነበር፤ ‹ልጄ ያይልኛል› ብሎ ሄደ።»

ለሊሴ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየቻቸው። «ሰዓቱ ይሄ ነው?»

አሳየች ስልኩን አራቅ አድርገው አዩት። «ጽጌረዳዋ... አዎ። ዘውዱም ይኸው።»

«ዘውዱ የሌላ ሰዓት ነው ብለውኛል። ሐሰተኛ ነው ብለው።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ ጃል? የዱሮው እንዲህ ነው የሚመጣው። ታናሽ ወንድም የታላቁን ልብስ ይለብስ የለ? ቀፎውም መሙያውም የታላቁ ነው። ከውስጥ በጀርባው ክዳን ላይም የታላቁ ስም ተጽፏል። እኔ እንኳ ከአጠገቡ ተቀምጬ ስሰማ የኖርኩት ነው። ወልዴ ለቀነኒሳ መጀመሪያ ያስተማረው ይሄንን ነው።»

ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ለሊሴ ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች። ‹ልጄ› የሚለውን ዓርብ ጠዋት ራሷ «ተወው» ብላለች። ኢማድ ያን ሁሉ ቀን የታሰረው በአንዲት ቃል ነው፤ ያችን ቃል ያልመረመረችው ደግሞ እሷ ናት።

ሐሙስ ጠዋት ቀነኒሳ ሱቁን እንደከፈተ ገቡ። ለሊሴ ሰላም ካለችው በኋላ ምንም አልጠየቀችውም። የሟቹን ትንሽ ስልክ ከኪሷ አውጥታ «ልጄ» የሚለው ላይ ደወለች።

ባንኮኒው ላይ የተቀመጠው ስልክ ጠራ። የሱቁ ቁጥር አልነበረም፤ የራሱ ነው። ስክሪኑ ላይ «አባባ» የሚል ወጣ። ቀነኒሳ አላነሳውም፤ አላጠፋውምም። ጠርቶ ጠርቶ እስኪያበቃ ሦስቱም ቆመው አዩት።

«ዓመት አልተያየንም ብለኸኝ ነበር» አለች ለሊሴ። እስከዚያች ደቂቃ ‹እርስዎ› ስትለው ነበር። «ዘውዱ ሐሰተኛ ነው ብለህም ፈርመህልኛል። ያን ዘውድ ማን አስተማረህ?»

ቀነኒሳ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

«አልገደልኳቸውም።»

«ከፈረንሳይ ሽቅብ እንጦጦ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ዘጠኝ ተኩል ካለፈ ብትነሳ አስር ከሃያ ፓርኩ በር ላይ ነህ። ትኬቱን ቦርሳህ ውስጥ ያቆየኸው ሰው እንደሚጠይቅህ ስለምታውቅ ነው።»

«አልገደልኳቸውም ስልሽ!»

«እሺ ምን አደረግክ?»

ሲጀምር ድምፁ የትንሽ ልጅ ይመስል ነበር። «አንድ ትልቅ ሰው አለ። ባለፈው ዓመት ቅጂ ሸጥኩለት፤ አወቀብኝ። ‹እውነተኛውን አምጣ፤ አለዚያ በዚህ ከተማ ሱቅ አትከፍትም፤ አሳስርሃለሁ› አለኝ። ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልተኛሁም። ረቡዕ አባባ ያንን ሰዓት በእጃቸው ይዘው መጡ። እኔ ጋ ጥለውት ሄደው ከሰዓት መጥተው ወሰዱት። ያለኝን ቅጂ ነው የሰጠኋቸው። ዘውድ ያለው መሙያ አልነበረኝም። ዓይናቸው ስለማያይ...»

«በጣታቸው ለዩት።»

«ሐሙስ ጠዋት ደወሉልኝ። አልተቆጡም። ‹ልጄ፣ ተሳስተህ ሌላ ሰጥተኸኛል› አሉኝ። ከሰዓት ሄድኩ። ‹አስር ሰዓት ገዢው ይመጣል፤ ወይ ሰዓቱን ስጠኝ ወይ እውነቱን እነግረዋለሁ› አሉ። ያ ትልቁ ሰው ደግሞ እንጦጦ ይጠብቀኛል። አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የምፈልገው። ገዢው ዘግተዋል ብሎ እንዲመለስ ብቻ። በሩን ገፋሁትና...» እጁ የማይታይ ነገር ጫን አደረገ።

«ከሰሉስ?»

«አላየሁትም። በልጄ እምላለሁ አላየሁትም።»

«ሰውየው ሰዓቱን ወሰደ?»

ቀነኒሳ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለመስማት የሚዘገንን ነበር። «መሙያው ላይ ዘውዱን አየና ‹ዛሬም ቅጂ አመጣህልኝ?› ብሎ ፊቴ ላይ ወረወረው። ብነግረው አልሰማኝም። ሌላ ማስረጃ የለኝም። የሚያውቁት አባባ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ...»

«ተመልሰህ ሄድክ?»

«አንድ ሰዓት ላይ። በሩን አንኳኳሁ። ድምፅ የለም። ቁልፍ የለኝም። የብረት ቤቱን ልጆች ቁረጡልኝ ብላቸው ማን ቆለፈው ይሉኛል ብዬ...»

«ብዬ?»

«ሄድኩ።»

ኤቢሳ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ቀነኒሳ ተነስቶ ከጓዳው ጥገና የሚጠብቁ ሰዓቶች የሞሉበትን ሳጥን አመጣና ከሠላሳው መሀል አንዱን መዝዞ አኖረው። ለሊሴ በአጉሊ መነጽሩ ጀርባውን አስከፍታ አየችው፤ ከክዳኑ ውስጥ የሁለቱም ወንድማማቾች ስም ነበረ። ካቴናውን ራሷ አሰረችው።

ኢማድ ዓርብ ረፋድ ላይ ተፈታ። ወይዘሮ ዘሙሩድ ጣቢያው በር ላይ አቅፈውት ብዙ ቆሙ። ለሊሴ እስኪለያዩ ጠበቀች።

«አላመንኩህም ነበር» አለችው። «ማመን የነበረብኝ ባለፈው ዓርብ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ልጁ ከስቷል። የቴሌግራም ገጹ ስንት ስድብ እንደተጻፈበት ተደብቆ በገባ የእስረኛ ስልክ አይቷል። «ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አላት። «ንጹህ ነው የሚል፣ ማህተም ያለበት።»

«ጠይቄ ነበር። ኮማንደሩ ‹መፈታቱ ራሱ ደብዳቤ ነው› አሉ።»

ኢማድ እናቱን አየ፤ መሬቱን አየ። ቀጥሎ ቀና አለ። «እንግዲያው በካቴና ያወረዱኝን መንገድ አብረውኝ ይውጡት። በዩኒፎርምዎ።»

ኤቢሳ ጣልቃ ሊገባ ሲል ለሊሴ በዓይኗ አስቆመችው። ኮፍያዋን አድርጋ ከልጁ ጎን ሆነች።

ዳገቱ ያን ቀን ረጅም ነበር። በየሱቁ ትቆማለች። ስጋ ቤቱ ጋ፣ ፀጉር ቤቱ ጋ፣ አትክልት ቤቱ ጋ አንድ ዓይነት ነገር ተናገረች፤ «ኢማድ ንጹህ ነው። ተሳስቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሰዓቱም እውነተኛ ነው።» አንዳንዱ አንገቱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱ ያልሰማ መሰለ። የብረት ቤቱ ሠራተኞች ግራይንደራቸውን አጥፍተው እስክትጨርስ ቆሙ። ሳሊሀ ከባንኮኒዋ ኋላ ወጥታ ልጁን አቀፈችውና «ስምህን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አውፍ በለኝ» አለች። ኢማድ ትከሻዋን ነካ አደረገና አለፈ።

ድምጿ እየሰለለ አሥራ ሰባተኛው ሱቅ ደረሱ፤ ከእናቱ ቤት ትይዩ ያለው። ለሊሴ ልትቀጥል ወደ ላይኛው ኪዮስክ ስታመራ ኢማድ ክንዷን ያዝ አደረገ።

«ይበቃል» አላት። «ከዚህ በላይ ያለው ሰፈር አያውቀኝም።»